ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው

ጭሮ ውስጥ «ቆጣሪው ይጥላል» ተብዬ ስጠራ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ምጣድ ነው። አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ ተደምረው የአንድ ምጣድ ሩብ እንኳ አይሞሉም። 3,500 ዋት የሚል ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል።

«ልጄ፣ ይኼ ብሬከር ደክሟል፤ ትልቁን ግጠምልኝ» ይሉኛል እናቶች። «እማማ፣ መጀመሪያ ሽቦውን ልየው» እላለሁ። 16ቱን አውጥቶ 32 መግጠም ቀላል ነው፤ መጣሉም ይቀራል። ግን በግድግዳው ውስጥ ያለፈው ሽቦ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ ከ20 አምፔር የበለጠ ብሬከር አይገባውም። ሽቦው ላስቲኩ እስኪቀልጥ ቢግል እንኳ ባለ 32ቱ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ተከራይ የሚበዛበት ግቢ ሌላ ጣጣ አለው። ዋናው ብሬከር 40 ነው እንበል። ሦስት ምጣድ አንዴ ሲሰካ 48 አምፔር ገደማ ይሆናል። ብዙ ሰው 40 ሲያልፍ ወዲያው የሚቆርጥ ይመስለዋል። አይቆርጥም። በዓለም አቀፉ ደረጃ፣ በአይኢሲ 60898 መሠረት፣ ባለ 40 ብሬከር 45 አምፔር ተሸክሞ አንድ ሰዓት መቆየት አለበት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የግድ መጣል ያለበት 58 ላይ ሲደርስ ነው። 48 መሃል ላይ ነው፤ ዛሬ ይጥላል፣ ነገ አይጥልም። ስለዚህ ተከራዮቹን በተራ ጋግሩ እላቸዋለሁ። ከዚህ የረከሰ መፍትሔ የለም።

ልኬቱ የወጣው ደግሞ በ30 ዲግሪ ሙቀት ነው። እንደ ሚኤሶ ባለ ቆላ፣ ፀሐይ የሚመታው ቆርቆሮ ላይ የተሰቀለ ሳጥን ውስጡ ከዚያ በላይ ይሞቃል፤ ብሬከሩም ቀድሞ ይጥላል። ያኔ ሳጥኑን ወደ ጥላ ማዞር እንጂ ብሬከር ማሳደግ አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ የላላ ብሎን ነው። ከሥሩ ያለው ሽቦ ይግላል፤ ላስቲኩ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ሲነኩት ይፈረፈራል። ብሬከሩ ይህን አያውቅም፤ የሚያልፈው አምፔር ልኩን አላለፈምና። ዋናውን አጥፍቼ፣ መብራት አለመኖሩን በቴስተር አረጋግጬ፣ እያንዳንዱን ብሎን በካቻቪቴ ሳላጠብቅ ሳጥን አልዘጋም።

በጭሮም፣ በሂርናም፣ በገለምሶም ትልቅ ብሬከር ገዝታችሁ የምትጠሩን፣ እባካችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ጥሩን። ለምጣዱ ከፓኔሉ በቀጥታ የሚመጣ የራሱ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና ባለ 25 አምፔር ብሬከር አሠሩለት።