የአካቶ ትምህርት ስትራቴጂና የቦምቤው ተማሪ፤ አጭር ትችት

የትምህርት ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. አውጥቶ በ2004 ዓ.ም. ያሻሻለው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ፤ አካል ጉዳተኛው ልጅ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ከእኩዮቹ ጋራ እንዲማር ይሻል። የሐሳቡን መልካምነት የሚክድ የለም። እኛም የምንተቸው ሐሳቡን ሳይሆን፤ መግባትንና መማርን አንድ አድርጎ የሚቈጥረውን አሠራር ነው።

በወላይታ ዞን የቦሎሶ ቦምቤ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ቦምቤን እንውሰድ። በሴሬብራል ፓልሲ ምክንያት እግሩ፣ እጁና ንግግሩ የማይታዘዙለት ልጅ በዚያ ቢመዘገብ፤ የመጀመሪያው ችግሩ የመስከረም ጭቃና የክፍሉ ደረጃ ነው። ለዚህስ ሕግ አለ፤ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ሁለተኛው ችግር ግን በዐይን አይታይም። መምህሩ ይጠይቃል፤ ልጁ መልሱን ያውቃል፤ ቃሉ ከአፉ እስኪወጣ ድረስ ተራው ለሌላ ይተላለፋል። በፈተናም እጁ ስለሚዘገይ ወረቀቱን ባዶውን ይመልሳል። እንግዲህ የተመዘነው ዕውቀቱ ነው ወይስ ጅማቱ?

የልዩ ትምህርት ታሪካችን ከዐይነ ስውራንና መስማት ከተሳናቸው ልጆች ስለ ጀመረ፤ ብሬልና የምልክት ቋንቋ ቢያንስ በስም ይታወቃሉ። አንደበቱ ለተሳሰረው ልጅ የሚሆነው መሣሪያ ግን ስሙም እንኳ ብዙ አይነሣም። ስትራቴጂው ተስፋውን በድጋፍ መስጫ ማዕከላት ላይ ጥሏል፤ ማዕከል ግን በየትምህርት ቤቱ የለም።

«የተማሪው ብዛትና የገንዘቡ ማነስ አያስችልም» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ግማሽ እውነት አለው፤ ተሽከርካሪ ወንበር ገንዘብ ይጠይቃል። ነገር ግን ልጁ በጣቱ ወይም በዐይኑ እያመለከተ የሚመልስበት፤ ሥዕልና የወላይትኛ ቃላት ያሉበት አንድ ካርቶን፣ በፈተና ጊዜ ተጨማሪ ሰዓትና የሚጽፍለት ሰው፤ እነዚህ ከገንዘብ ይልቅ የመምህሩን ትዕግሥትና ሥልጠና ይሻሉ።

የወላይታ ሕዝብ በ1992 ዓ.ም. «ዎጋጎዳ» በተባለ የተደባለቀ ቋንቋ የተዘጋጀውን መማሪያ መጽሐፍ እምቢ ብሎ አስነሥቷል። ልጅ በራሱ ቋንቋ ይማር ማለቱ ነበር። እኛም ለዚህ ልጅ የምንጠይቀው ከዚህ የራቀ አይደለም፤ መናገር በሚችልበት መንገድ ይጠየቅ።

ስለዚህ ስትራቴጂው ሲመዘን «ስንት ልጅ ተመዘገበ?» መባሉ አይበቃም፤ «ስንቱ መልስ ለመስጠት ቻለ?» ተብሎም ሊጠየቅ ይገባል እንላለን።