የቋሚው እግር

ምስጥ የገባበት ቋሚ ላዩን ሲያዩት ደህና ነው። ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይስማማው እንጨቱን ከውስጥ እየፈለፈለ ይበላና ለራሱ መሸፈኛ የምትሆን ስስ ልባስ ትቶ ወደ ላይ ይወጣል። ባለቤቱ በየዓመቱ ግድግዳውን እየቀባ፣ በየበዓሉ ቄጠማ እየጎዘጎዘ ይኖርበታል፤ ቋሚው ግን ከመሬት በታች እግር የለውም። ለዚህ ነው ነቀምት ውስጥ ሃምሳና ስድሳ ዓመት የቆመ የጭቃ ቤት ይታደስ ወይስ ይፍረስ ሲባል ዓይን ብቻውን የማይፈርደው። ወስፌ ያስፈልጋል፤ ከወስፌውም በላይ ጆሮ።

የማውቃቸው አንድ አዛውንት አናጢ ለምርመራ ሲጠሩ ከፊት በር አይጀምሩም። ዞረው ወደ ጓዳ በኩል ይሄዳሉ፤ የእጣቢ ውሃ የሚደፋበትን፣ አሸንዳው የሚያንጠባጥብበትን፣ ማገዶ ግድግዳውን ተደግፎ የተከመረበትን ይፈልጋሉ። ምስጥ እርጥበት ይከተላልና መጀመሪያ የሚገኘው እዚያ ነው። ተንበርክከው የጭቃውን ግርጌ በቢላዋ ፋቅ ፋቅ ያደርጉታል። ጣት የማይሞላ ቀይ የአፈር መንገድ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ከታየ ምስጡ መጥቷል ማለት ነው። መንገዱን በጥፍራቸው ይሰብሩትና ይጠብቃሉ። እርጥብ ሆኖ ነጫጭ ምስጦች ለመጠገን ብቅ ካሉ ገና እየበላ ነው፤ ደርቆ ከተበተነ ትቶት ሄዷል። ከዚያ የመጥረቢያቸውን ጀርባ አንስተው ቋሚውን ከታች ወደ ላይ ቀስ እያሉ ይመቱታል። ደህናው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። ሁለቱ ድምፆች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆም ብለው ወስፌውን ይሰዳሉ። ወስፌው የሚገታበትን ቁመት በከሰል ያሰምሩበታል።

እንዲህ እያሉ ቤቱን ሲዞሩ ግድግዳው በከሰል ምልክት ይሞላል። አንድ ሰረዝ ያለበት ቋሚ አይነካም። ሁለት ሰረዝ ያለበት እግሩ ብቻ ይቆረጣል። መስቀል ያለበት ሙሉ በሙሉ ይለወጣል። ስለ ቤቱ ዕድሜም ሆነ ስለ ቆርቆሮው ዝገት አንዳች አይናገሩም፤ ምልክቶቹን ቆጥረው ሲጨርሱ ነው አፋቸውን የሚከፍቱት። መለኪያቸው ግልጽ ነው። አራቱ የማዕዘን ቋሚዎች ከቆሙና መስቀል የተደረገባቸው ጥቂት ከሆኑ ቤቱ ይታደሳል። ማዕዘኖቹ ከሄዱ፣ ወይም ቱምቢው ሲወርድ ግድግዳው ከላይ ወደ ውጭ የሸሸ መሆኑ ከታየ፣ ገንዘብ አታውጡ ይላሉ።

ባለፈው በጋ የመረመሩት የአንዲት እናት ቤት ነበር። ልጆቻቸው አዲስ አበባና አሜሪካ ናቸው፤ አፍርሰን በብሎኬት እንሥራልዎ ብለው ገንዘብ ሊልኩ ተዘጋጅተዋል። አናጢው ዞረው ሲጨርሱ በአፋን ኦሮሞ እንዲህ አሏቸው፦ «አዴ፣ ይህ ቤት እግሩን ነው የታመመው፤ ወገቡ ደህና ነው። ለልጆቹ ንገሯቸው፣ ሊልኩ ካሰቡት ገንዘብ ሩቡ ይበቃል።» ለራሱ ትልቅ ሥራ ሊያገኝ የሚችል ሰው እንዲህ ሲናገር መስማት የሙያው አንድ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ምን መሥራት እንደሌለበት የማያውቅ አናጢ የሚሠራውንም በቅጡ አይሠራውም።

አሜሪካ ያለው ልጅ እንኳ ይታደስ ወይስ ይፍረስ የሚለውን ጥያቄ ያውቀዋል። እዚያ በፋብሪካ ተሠርተው በጎማ ተጎትተው የሚተከሉ ቤቶች አሉ፤ ብዙዎቹ አንዴ ከተተከሉ ወዲያ አይንቀሳቀሱም። እ.ኤ.አ. ከ1976 ሰኔ አጋማሽ ወዲህ የተሠሩት በአንድ የፌዴራል ደረጃ የሚመዘኑ ሲሆን ከዚያ የቀደሙትን ማደስ ያዋጣል አያዋጣም የሚለው ክርክር አያልቅም። እዚያም አዋቂ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚሄደው ከወለሉ ስር ነው፤ የበሰበሰውን ሳያይ ስለ ቀለም አያወራም። እውነተኛው ተንቀሳቃሽ ቤት ግን የእኛው የዶርዜ ቤት ነው። ቀርከሃው እንደ ቅርጫት ተጠልፎ የተሠራ ስለሆነ ምስጥ ግርጌውን ሲበላው የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ እንዳለ አንስቶ ሌላ ቦታ ያቆመዋል። የወለጋ የጭቃ ቤት ይህ ዕድል የለውም። ቋሚዎቹ ጉድጓድ ውስጥ የተተከሉ፣ ግድግዳው ከባድ፣ ጣሪያው በምስማር የተያዘ ነው። ቤቱ ወደ አዲስ እግር አይሄድም፤ አዲሱ እግር ነው ወደ ቤቱ የሚመጣው።

ያ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ በቅርብ ያየ ሰው ሁለተኛ የጭቃ ቤት ብሎ አይንቅም። በመጀመሪያ ቋሚዎቹ በራሳቸው ላይ የተሸከሙት አግዳሚ እንጨት ከውስጥ በኩል ድጋፍ ይደረግለታል። አናጢው ለዚህ ከአንድ የአይሱዙ ሹፌር የተዋሱትን ክሪክ ያመጣሉ። ክሪኩን ወፍራም ጣውላ ላይ አስቀምጠው፣ በላዩ አጣና አቁመው፣ እጀታውን በጣም ቀስ ብለው ይጫኑታል። ጣሪያውን ማንሳት አይፈልጉም፤ ክብደቱን መቀበል ብቻ ነው የሚፈልጉት። ቆርቆሮው አንዴ ጠጠር ሲል እጃቸው ይቆማል። ከዚያ በላይ አንድ ጣት ከፍ ቢል ምስማሮቹ ይሳባሉ፣ አጠገቡ ያለው ግድግዳም ይሰነጠቃል። ተከታትለው የቆሙ ሁለት ቋሚዎችን በአንድ ጊዜ አይነኩም፤ አንዱን ሠርተው፣ አንዱን ዘለው፣ ሦስተኛውን ይይዛሉ።

ጭቃው ከጉልበት በታች ብቻ ይከፈታል። ማገሮቹ አይቆረጡም፣ ወደ ጎን ይገፋሉ። ቋሚው ከከሰሉ ምልክት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ደህናው እንጨት ውስጥ ገብቶ ይቆረጣል። ቁራጩ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ በእጅ የሚፈረፈር አቧራ ነው። አዲሱን እግር እንዲሁ ከስሩ ቢያቆሙትና በምስማር ቢመቱት ማንም አያያቸውም፤ ነገ ጭቃ ይለበሳል። እሳቸው ግን ሁለቱንም እንጨት ሁለት ስንዝር ያህል ግማሽ በግማሽ ይቀንሱና አንዱን በአንዱ ላይ ይገጥሙታል። የመገጣጠሚያው ከንፈር ጠፍጣፋ አይደለም፤ ውሃ እንዳይቋጥር ወደ ውጭ ያዘነበለ ነው።

ልቤን የሚወስደው ቀጥሎ ያለው ነው። በመሮ ያለሰለሱትን የአዲሱን እንጨት ፊት ከሰል ይቀቡታል። ወደ አሮጌው ያስጠጉና ይጫኑታል፣ መልሰው ያወጡታል። አሮጌው ላይ ጥቁር የያዘው ቦታ ሁለቱ የተነካኩበት ነው፤ ሌላው ገና አልተገናኘም። ጥቁሩን በመሮ ላጥ ያደርጋሉ፣ እንደገና ከሰል፣ እንደገና ማስጠጋት። ጥቁሩ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ነጥብ ነበር፤ ከዚያ ይበታተናል፣ ከዚያ ፊቱን ሁሉ ይሞላዋል። ያኔ ነው ሸክሙ በሙሉ ስፋቱ የሚያርፈው። ለመያዣ ምስማር አይጠቀሙም፤ የደረቀ አሮጌ እንጨት በምስማር ይሰነጠቃል። በመሠርሠሪያ በስተው በሁለት ቡሎን፣ ከእነ ሮንዴላው፣ ያስሩታል። የአዲሱ እግር ጫፍም ወደ አፈር አይገባም። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ግርጌው በእሳት ተለብልቦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይጠጣል። በመጨረሻ ክሪኩን ሩብ ሩብ ዙር እየለቀቁ፣ በእግሩና በድንጋዩ መካከል ሽብልቅ ከግራና ከቀኝ ተራ በተራ እየመቱ፣ ቤቱን መልሰው ያሸክሙታል። መዶሻው ሽብልቁ ላይ ሲያርፍ ቋሚው ሙሉ ድምፅ ከሰጠ ክብደቱ ደርሶታል።

ወደ ምዕራብ በተሄደ ቁጥር ይህ ጥንቃቄ የኑሮ ጉዳይ ይሆናል። ነጆን አልፎ እስከ መንዲና መና ሲቡ ድረስ ያለው አገር ምስጥ እህልም ግጦሽም ቤትም የሚጎዳበት ነው። ኩይሳ ማፍረስ፣ ንግሥቲቱን ቆፍሮ ማውጣት፣ በመርዝ ማጥፋት ሁሉ ተሞክሯል። እዚያ ባሕር ዛፍ በጥሬው ተክሎ ቤት መሥራት በጥቂት ዓመት ውስጥ መልሶ ለመሥራት መስማማት ነው። ጥድ ወይም ወይራ ያገኘ ሰው ለቋሚው ያደርገዋል፤ ዋንዛ ያገኘ ለበርና ለመስኮት። የእንጨት ምርጫን ጠቀሜታ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ነቀምት ከተማ ውስጥ የአካባቢው ገዥ የነበረው ሞረዳ በከሬ ያሠራው፣ በልጁ በደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ስም የሚታወቀው ቤተ መንግሥት አለ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ግቢ ነው፤ ዛሬ በቅርስነት ይጎበኛል። እንጨት የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ገብቶ ምሰሶዎቹን በእጁ ቢዳስስ ይጠቀማል።

ጭቃውስ? ጭቃ ማንም ያቦካል የሚል ሰው የተሰነጠቀ ግድግዳ አይቶ የማያውቅ ነው። የነቀምት ቀይ አፈር ሸክላ ይበዛዋል፤ ብቻውን ከተለሰነ ሲደርቅ ይሸሻል። በጉድጓድ ውስጥ ከጤፍ ጭድ ጋር ይረገጣል፣ ይሸፈናል፣ ይተዋል፣ እንደገና ይረገጣል። ጭዱ ለስልሶ ሽታው ሲከረፋ ነው የሚደርሰው። መራጊው አንድ እፍኝ አንስቶ በሁለት እጁ ይስበዋል፤ ቶሎ ከተበጠሰ ይመልሰዋል። የመጀመሪያው ምርጊት በኃይል ይወረወራል፤ ማገሩን አልፎ ከኋላው ተጠቅልሎ እንዲይዝ ነው። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ መሰንጠቁም የሚፈለግ ነው፤ ሁለተኛው ልስን ጥርስ የሚያገኘው በእነዚያ ስንጥቆች ውስጥ ነው። አዲሱ ጭቃ ከአሮጌው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ የአሮጌው ጠርዝ ወደ ውስጥ ተሸርሽሮ በውሃ ይርሳል። ላዩ በተነፋ አፈርና በእበት ሲለሰን መገናኛው በዓይን አይለይም፤ መዳፍ እንኳ ሲያልፍበት ምንም አይሰማውም።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው አንድ ነገር አለ። በጭቃ ግድግዳ ላይ የሽቦ መረብ መትቶ በሲሚንቶ መለሰን እንደ እድገት ተቆጥሯል፤ በየከተማው መንገድ ዳር ያሉ ቤቶች እንዲህ ተለብጠዋል። ይህ ቤቱን ማደስ አይደለም። ጭቃ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ተንፍሶ ይሰበሰባል። ሲሚንቶ አብሮት አይሄድም። ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ዝናብ መውጫ ያጣል። ነቀምት በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። ቋሚው እርጥበት ታቅፎ ይበሰብሳል፣ ምስጡም ማንም በማያየው ስፍራ ይሠራል። ቤቱ ያማረ መስሎ የሚቆየው እስኪወድቅ ብቻ ነው። በዚያ ገንዘብ የጣሪያው ጠርዝ አንድ ክንድ ወጣ ቢል፣ አሸንዳ ቢገባለት፣ ግርጌው ዙሪያውን በድንጋይ ቢነጠፍና ውሃው ከቤቱ የሚርቅበት ቦይ ቢቆፈር ይሻላል።

ቆርቆሮው ብዙ አያከራክርም። ቀዳዳው ጥቂት ከሆነ በጨርቅና በካትራሜ ይደፈናል፣ የላሉት ምስማሮች ይነቀሉና ባለ ጎማ ይገባል። የሚለወጥ ከሆነ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው እንደሚወፍር ማወቅ ይበቃል፤ 35 ጌጅ ርካሽ ነው፣ 28 ይቆያል።

ብዙ ደህና ቤቶች የወደቁት ግን ምስጥ ስለበላቸው ብቻ አልነበረም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ ወርሃዊ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የነበሩት ወደ ቀበሌ ሄዱ። ኪራዩ ትንሽ፣ ተከራዩ ባለቤት ያልሆነ፣ አከራዩም ለጥገና ገንዘብ የሌለው ሲሆን የአንድ ቋሚ እግር መለወጥ ማንም የማይሠራው ሥራ ሆነ። አንዱ ቋሚ በጊዜው ቢቀጠል ኖሮ አግዳሚው አይሰምጥም ነበር፤ አግዳሚው ባይሰምጥ ጣሪያው አይከፈትም ነበር።

የእኚያ እናት ቤት ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ተሠርቶ አልቋል፤ ምርጊቱ ክረምት ሳይመጣ ሙሉ በሙሉ መድረቅ ስላለበት ከዚያ ዘግይቶ ማንም አይጀምርም። ከከሰል ምልክቶቹ ሁለቱ ግን በጓዳው በኩል ሳይለሰኑ ተትተዋል። ቋሚዎቹ ግማሽ ጤነኛ ናቸው፣ ወስፌው ሁለት ጣት ብቻ ገብቶባቸዋል። አናጢው እነዚህን ዘንድሮ መቁረጥ ገንዘብ ማባከን ነው ብለው፣ እጣቢው እንዳይደፋባቸው ካዘዙ በኋላ፣ ከመስቀል በዓል በኋላ መጥተው እንደገና ሊመቷቸው ተስማምተዋል።