ሉሉን ማን ይገምተው?

በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ልብ ወለድን በምዕራፍ በምዕራፍ እየከፋፈሉ ማስተማር መጽሐፉን ይገድለዋል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚሼልን ዳጎስ ያለ ልብ ወለድ በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነበር የተረጎመው። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ከዚያ ሁሉ ቁርጥራጭ ወረቀት ነፍሱን ይዞ ወጥቷል። መጽሐፍን የሚገድለው መከፋፈሉ ሳይሆን በየምዕራፉ መጨረሻ የሚቀርበው ጥያቄ ነው።

የአሜሪካዊውን የጆን ስታይንቤክን «ዘ ፐርል» እንውሰድ። በ1947 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍነት የታተመ፣ 6 ምዕራፎች ያሉት አጭር ልብ ወለድ ነው። እኔ የተማርኩት አዲስ ከተማ ውስጥ፣ የመርካቶ ጫጫታ በመስኮት በሚገባበት ክፍል ነው። አዳዲስ ቃላት ሰሌዳው ላይ ይጻፋሉ፤ ትርጉማቸውን እንገለብጣለን፤ ከዚያ «እውነት ወይም ሐሰት»። በ4ኛው ምዕራፍ ድሃው ሉል አጥማጅ ኪኖ ያገኘውን ትልቅ ሉል ሊሸጥ ወደ ገዢዎች ይሄዳል። ስንት ፔሶ ተሰጠው? ተባልን። 1 ሺህ። ጻፍን፤ አለፍን።

ምኑን አለፍነው? ገዢው ከጠረጴዛው በስተጀርባ በጣቶቹ መሐል ሳንቲም ያንከባልላል። ሉሉን ሲያይ ፊቱ አይለወጥም፤ ሳንቲሙ ግን ከእጁ ያመልጠዋል። በክፍላችን ወላጆቻቸው ሸማ ተራና በርበሬ ተራ የሚነግዱ ልጆች ነበሩ። ፊት ሲዋሽ እጅ እንደሚያሳብቅ ያውቃሉ። ሌሎቹ ገዢዎች ተጠርተው አንዱ «አልፈልግም»፣ ሌላው «500» ሲል፣ ኪኖ ሉሉን ጠቅልሎ ሊሄድ ሲነሣ ደግሞ የመጀመሪያው ድንገት ወደ 1500 ከፍ ሲያደርግ፣ ይህ ጨዋታ ለእነሱ እንግዳ አልነበረም። ግን ማን ጠየቃቸው?

ቢጠየቁ ደራሲውንም በሞገቱት ነበር። ስታይንቤክ ገዢዎቹ ሁሉ የአንድ ጌታ ቅጥረኞች መሆናቸውን ግብይቱ ሳይጀመር ይነግረናል። ስለዚህ ከኪኖ ጋር አንጠራጠርም፤ ከላይ ሆነን እናዝንለታለን እንጂ። ጎረቤቶቹ ግን ዋጋው ተገቢ ይሆን እያሉ ይከራከራሉ። የገበያ እውነተኛ ጭንቀት ያለው እዚያ ላይ ነው፤ መታለልህን ሳታውቅ መወሰን። ደራሲው ይህን ጭንቀት ለጎረቤቶቹ ሰጥቶ ለአንባቢው ነፈገው። ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ድክመት ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ ሙግት በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን ሊካሄድ ይችላል። የሚናገረው ነገር ያለው ተማሪ ቃሉን ራሱ ይፈልጋል። ቃላት ብቻ የተሰጠው ግን እንግሊዝኛ ስለ ሌላ ሰው ኑሮ የሚወራበት ቋንቋ መስሎት ያድጋል። ለ4ኛው ምዕራፍ እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ አንተ ብትሆን ትሸጠው ነበር?