ከሕፃናቱ ኋላ የቆመው ፎቶግራፍ አንሺ

ሕፃን ልጅን በመስክና በዱር መካከል ፎቶግራፍ ማንሣት እጅግ ቀላል ሥራ መስሎ ይታያል። ዛሬ መሣሪያው በስልክ መልክ በየሰው ኪስ ስለሚገኝ፥ ከሽርሽር ያለ ፎቶግራፍ የሚመለስ ወላጅ የለም ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ ሥዕሎች ውስጥ ሕፃኑ ከተፈጥሮ ጋር ሲተዋወቅ የሚያሳዩት ስንቶቹ ናቸው? ይህን ለመመርመር አንድ የታወቀ ሥራ እንመልከት።

አሜሪካዊው ዩጂን ስሚዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር ሜዳ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ዓ.ም. በኦኪናዋ ደሴት ፊቱንና እጁን ክፉኛ ቆስሎ ብዙ ጊዜ በሕክምና ላይ ቆየ። በ1946 ዓ.ም. መሣሪያውን እንደገና ባነሣ ጊዜ የመረጠው፥ በዛፎች መካከል እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚሄዱትን ሁለት ትንንሽ ልጆቹን ነው። «ወደ ገነት አትክልት የሚደረግ ጉዞ» የተባለው ይህ ሥዕል፥ ኤድዋርድ ስታይከን በ1955 ዓ.ም. ከ68 አገሮች 503 ፎቶግራፎች ሰብስቦ በኒው ዮርክ ያሳየው «የሰው ቤተ ሰብ» የተባለ ትርኢት መደምደሚያ ሆነ። ትርኢቱም ዛሬ በሉክሳምቡርግ አገር፥ በክሌርቮ ከተማ በሚገኝ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ በቋሚነት ይታያል።

በሥዕሉ ላይ የልጆቹ ፊት አይታይም። ዙሪያው የዛፍ ጥላ ነው፤ ፊት ለፊታቸው ብርሃን ተከፍቷል፤ እነሱም ጀርባቸውን ለኛ ሰጥተው ወደዚያው ይራመዳሉ። ምን እንዳዩ አናውቅም። የሥራው ብልኅነትም በዚህ ላይ ነው፤ አባትየው ከኋላ ቆሞ፥ ያገኙትን ነገር ለነሱው ትቶላቸዋል።

ይሁን እንጂ ሥራው ነቀፌታ የለበትም አንልም። ርእሱ ሥዕሉ ሊናገር የሚገባውን አስቀድሞ ይናገራል፤ ጥላውና ብርሃኑም እጅግ ከመስማማታቸው የተነሣ፥ ልጆቹ ሕፃናት መሆናቸው ቀርቶ የተስፋ ምሳሌ ብቻ ሊመስሉ ይቃጣቸዋል። ሕፃን በዱር ውስጥ የሚያገኘው ጭቃን፥ የደረቀ ቅጠልንና ጉንዳንን ነው እንጂ ገነትን አይደለም።

እኛ ግን ከስሚዝ የከፋ ስሕተት ሠርተናል። ባለፈው በጋ አንድ እሑድ የአራት ዓመት ልጃችንን ይዘን ወደ እንጦጦ ወጥተን ነበር። ልጁ ከባሕር ዛፍ ሥር ተንበርክኮ፥ በጉንዳኖች መንገድ ላይ ቅጠል ጣል ቢያደርግ ዙረው ሲያልፉ አይቶ፥ እስትንፋሱን ውጦ ይመለከታቸው ነበር። እኛም ስልካችንን አውጥተን ስሙን ጠራነው። ዘወር ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ወደ ጉንዳኖቹ አልተመለሰም፤ «አባዬ፥ እስቲ ልየው» እያለ ስልኩን ይለምነን ጀመር። ፎቶግራፉ ውብ ነው፤ ጉንዳን ግን የለበትም።

ስለዚህ ወላጆችም ሆኑ ተማሪዎቻቸውን ወደ መስክ የሚያወጡ መምህራን ይህን እንዲያስቡበት እንመክራለን። ሕፃኑ በአንድ ነገር ሲመሰጥ ስሙን አንጥራ፤ ዝቅ ብለን በዝምታ እንጠብቅ፤ ፊቱ ባይታይም እጁና የሚነካው ነገር ይበቃሉ። ሳንጠራው ማንሣት ካልቻልን ግን መሣሪያውን ወደ ኪሳችን እንመልሰው። የልጃችን ፊት በሌላ ቀንም ይገኛል፤ ያን የተመሰጠበትን ሰዓት ግን ልንመልስለት አልቻልንም።