ምጽዋት ወይስ ዕዳ? ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ኮሌጆች የገንዘብ አሰባሰብ የቀረበ ሒስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሮቤ ብዙ በማይርቅ አንድ ትምህርት ቤት ለችግረኛ ተማሪዎች ርዳታ ሲሰበሰብ ተገኝቼ ነበር። ልጆቹ ተራ በተራ መድረክ ላይ እየወጡ ድኽነታቸውን እንዲናገሩ ተደረገ። ገንዘቡ ተገኘ፤ ነገር ግን ከልጆቹ አንዱ ጓደኞቹን በምን ዐይን እንደሚያይ ጨንቆት በማግስቱ ከክፍል ቀረ። እንግዲህ ለተማሪ ገንዘብ የሚለመንበት መንገድ ከገንዘቡ መጠን ባላነሰ ሊመረመር ይገባል። ለዚህም ምርመራ ረዥም ታሪክ ያለው ምሳሌ የጥቁር አሜሪካውያን ኮሌጆች ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩት በዋሽንግተን በሚገኘው በሆዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ከወረረች በኋላም ወደ አሜሪካ ተመልሰው በ1937 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን በኒው ዮርክ አቋቋሙ። ጥቁር አሜሪካውያንም ካላቸው ጥቂት ለኢትዮጵያ አዋጡ። ታዲያ እነዚህ ወገኖች የራሳቸውን ኮሌጆች በምን አቆሙ?

በቴነሲ የሚገኘው ፊስክ በ1866 ከባርነት ነጻ ለወጡ ሰዎች የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። በገንዘብ እጦት ሊዘጋ በደረሰ ጊዜ፣ በ1871 ዘጠኝ ተማሪዎች ከመምህራቸው ከጆርጅ ኋይት ጋር እየዞሩ ዘመሩ። በአሜሪካና በአውሮፓ ያገኙት ገንዘብ ጁብሊ ሆል የተባለውን ሕንጻ አሠራ። ይህን የሚያወድሱ ሰዎች የተከፈለውን ዋጋ አዘውትረው አይጠይቁም። ተማሪዎቹ ከትምህርታቸው ተለይተው፣ በመንገድ ደክመውና ታመው፣ ወላጆቻቸው በባርነት ዘመን የተጽናኑባቸውን መዝሙሮች ለትኬት ገዢ አቀረቡ። ሆኖም ያቀረቡት ችሎታቸውን እንጂ ችግራቸውን አልነበረም። ከላይ ከጠቀስሁት መድረክ የሚለዩትም በዚህ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ማኅበር ነው። የተስኬጊ ፕሬዚዳንት ፍሬደሪክ ፓተርሰን፣ እያንዳንዱ የግል ኮሌጅ ለብቻው በየባለጸጋው ደጅ ከሚቆም በአንድነት ይጠይቅ በማለት፣ በ1944 ከ27 ኮሌጆች ጋር ዩናይትድ ኔግሮ ኮሌጅ ፈንድን አቋቋሙ። ለሃምሳ ሰው ጌጡ፣ ለአንድ ሰው ሸክሙ እንዲሉ ነው። ከ1972 ጀምሮ የሚታወቀው መፈክሩም «እዘኑልን» አይልም፤ አእምሮ ሲባክን ታላቅ ጥፋት መሆኑን ያሳስባል።

በበኩሌ የምነቅፈው ግን መፈክሩ ሳይጠይቅ ያለፈውን ነው። አእምሮውን ያባከነው ማን ነው? በ2023 የአሜሪካ የትምህርትና የእርሻ ሚኒስትሮች ለ16 ገዥዎች በጻፉት ደብዳቤ፣ የየግዛቶቹ ጥቁር የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሦስት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከ12 ቢሊዮን ዶላር የሚበልጥ ድርሻ እንደቀረባቸው ገልጸዋል። እነዚህ የመንግሥት ሲሆኑ የፈንዱ አባሎች ግን የግል ናቸው፤ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። ለጋሱን እያመሰገንን ባለዕዳውን ከረሳን ምጽዋቱ ለዕዳው መሸፈኛ ይሆናል።

ወደ ባሌ ስንመለስ፣ ለመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሮቤና በጎባ ላሉ ትምህርት ቤቶች የሚበጀውን ሥርዓት ከሩቅ መፈለግ አያሻም። በኦሮሞ ባህል ቡሳ ጎኖፋ በሚባለው ሥርዓት ከብቱ ያለቀበት ሰው ከወገኑ ከብት ያገኛል። የሚሰጠው የወገንነት ድርሻ ሆኖ እንጂ ምጽዋት ሆኖ አይደለም፤ የዛሬው ሰጪ ነገ ተቀባይ ሊሆን ይችላልና።

ስለዚህ ለተማሪ መዋጮ ሲጠራ ሦስት ነገሮች ይጠበቁ። የተቀባዩ ስም በጥቂት ሰዎች ዘንድ ብቻ ይታወቅ። የተረዳው ተማሪ ሥራ ሲይዝ ለተከታዩ ያዋጣ። ድርሻውን መክፈል የሚገባው አካልም በመዋጮው ምክንያት ከመጠየቅ አይዳን። ከመድረኩ በማግስት ከክፍል የቀረው ልጅ የተጎዳው ገንዘብ በማጣቱ ሳይሆን፣ ገንዘቡን ባገኘበት መንገድ ነበር። ተሳስቼ ከሆነ አንባቢያን ያርሙኝ።