የሲሲሊን ጣዕም በፎቶ መመዘን

ሲሲሊ ሄዶ የሚያምር ፎቶ ማንሳት አያስቸግርም። ባሕሩ፣ ሎሚው፣ ዓሣው ራሱ ያምራል። ስለዚህ ከሚያምረው መካከል ምርጡን መለየት የሠለጠነ ዓይን ይጠይቃል። የእኔ መመዘኛ አንድ ነው፦ ፎቶው ስለ ምግቡና ስለ ሰዎቹ እውነቱን ይናገራል ወይ?

መጀመሪያ ቀለሙን እዩ። በኤትና ተራራ ግርጌ ያለችው ብሮንቴ በፒስታቺዮ ፍሬዋ ታዋቂ ናት። ከፍሬው በወጉ የተሠራ አይስክሬም ወደ ቡኒ የሚያደላ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው፤ ቦግ ያለ አረንጓዴ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ማቅለሚያ ገብቶበታል። ፎቶ አንሺው ይበልጥ እንዲስብ ብሎ ቀለሙን በኮምፒውተር ካደመቀው፣ እውነተኛውን አይስክሬም የሐሰተኛውን መልክ አልብሶታል። ድብዝዝነቱን ሳይነካ ያስቀረው ግን የሚያነሳውን ነገር ያውቃል።

ቀጥሎ ብርሃኑን መርምሩ። በሲሲሊዋ ከተማ በፓሌርሞ ገበያዎች ከመደቦቹ በላይ ቀይ ሸራ የሚዘረጉ ነጋዴዎች አሉ። ፀሐይ በሸራው ውስጥ አልፋ ስትወርድ ዓሣውም ሥጋውም የሻጩም ፊት ይቀላል። ካሜራው ይህን ቅላት አጥፍቶ ሁሉን ነጭ ለማድረግ ይሞክራል። ተሳክቶለት ቅላቱ የጠፋበት ፎቶ የየትም አገር ዓሣ መሸጫ ሊሆን ይችላል፤ ከፓሌርሞ ገበያዎች አንዱ የሆነው ባላሮ ግን አይደለም።

ሦስተኛው የሚታይ ነገር ጊዜ ነው። ካኖሎ የተጠበሰ ጥቅል ቂጣ ሆኖ በበግ ወተት ሪኮታ የሚሞላ ጣፋጭ ነው። ጠንቃቃ ጋጋሪ ገዢው ሲያዝ ብቻ ይሞላዋል፤ ተሞልቶ ከቆየ ቂጣው እርጥበት ስቦ ይልፈሰፈሳል። በጥሩ ፎቶ ላይ በቂጣው ገላ የተነፉት ትናንሽ አረፋዎች አንድ በአንድ ይለያሉ፤ ሪኮታው ቂጣውን በሚነካበት ጠርዝም እርጥበት አይታይም። ለመብራትና ለማስዋብ ሲባል ሰዓታት የቆየ ካኖሎ ግን ጠርዙ ላይ ይታወቃል።

በመጨረሻም ሰዎቹን ፈልጉ። ሠዓሊው ሬናቶ ጉቱዞ እ.ኤ.አ. በ1974 የፓሌርሞን የቩቺሪያ ገበያ ሲሥል፣ ሸቀጡ ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶት ገበያተኛው በጠባብ መተላለፊያ ሲተላለፍ አሳይቷል። ምግቡ የበዛ ቢሆንም ገዢና ሻጭ አልጠፉም። በባጌሪያ የተወለደው ፎቶ አንሺ ፈርዲናንዶ ሺያናም እ.ኤ.አ. በ1965 የሲሲሊን ሃይማኖታዊ በዓላት በጥቁርና ነጭ ፎቶዎች በመጽሐፍ አውጥቷል። ቀለም የለም፤ ደሴቲቱ ግን በሰዎቹ ፊትና አቋቋም ሙሉ ሆና አለች።

ከዚህ ጥሩ መፈተኛ እናገኛለን። የገበያ ፎቶ ሲያምራችሁ ቀለሙን በሐሳባችሁ አውጡለት። የሻጩ እጅ፣ የገዢዋ ጥርጣሬ፣ የሚዛኑ ዘንበል ማለት ከቀሩ ፎቶ አንሺው ሥራውን ሠርቷል። ምንም ካልቀረ ግን ያማረው ሎሚው ብቻ ነው፤ ለዚያም ምስጋናው ለገበሬው ይገባል።