ዘጠኝ ቀለም ያለው ዋላ፤ የአንድ የዋሻ ሥዕል ምሥጢር

በቻይና አገር በጋንሱ ክፍለ ሀገር፥ በዱንኋንግ አጠገብ ካሉት የሞጋኦ ዋሻዎች በ257ኛው ምዕራባዊ ግድግዳ ላይ የሚታየው ሥዕል በሰሜን ዌይ መንግሥት ዘመን (እ.ኤ.አ. 386–534) የተሣለ ነው። ታሪኩ ቡድሃ በቀደመ ሕይወቱ ዋላ ሆኖ ሳለ፥ ከውኃ ስጥመት ያዳነው ሰው ስለ ሽልማት ሲል ለንጉሥ አሳልፎ እንደ ሰጠው ይናገራል።

እንዲህ ያለው ሥዕል ብዙ ጊዜ ማንበብ ለማይችል ሕዝብ የመጽሐፉን ቃል በመልክ የሚገልጥ ብቻ ተደርጎ ይቈጠራል። የአሣሣሉ ሥርዐት ግን ይህን አስተያየት አይደግፍም። መጽሐፉ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በተራ ያወርዳል፤ ሠዓሊው ግን የማዳኑን ታሪክ ከግራ፥ የክዳቱን ታሪክ ከቀኝ አስነሥቶ፥ ዋላውና ንጉሡ ፊት ለፊት በሚተያዩበት በመካከል ያጋጥማቸዋል። ስለዚህ የተመልካቹ ዐይን ከፍጻሜው ይልቅ በፍርዱ ላይ ያርፋል።

ከዚህም የሚበልጥ ልዩነት አለ። በቻይንኛው መጽሐፍ ዋላው ለንጉሡ ተንበርክኮ ሲናገር፥ በግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በግራ በኩል ተንበርክኮ የሚያመሰግነው ከሞት የዳነው ሰው ነው። ጉልበቱን ያጠፈው ከዳ፤ ሳይንበረከክ የቆመው እውነትን መሰከረ። እንግዲህ የሥዕሉ ምሥጢር ያለው በዋላው አቋቋም ስለ ሆነ፥ ሠዓሊው ከገልባጭነት ዐልፎ የመጽሐፉ ተርጓሚ ሊባል ይገባዋል።